ዶሮ በጋቢ

ስመኝ ያን ሕልም ያየችው ሌሊት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የአዳማ ሙቀት የኮንዶሚኒየሙን ግድግዳ እጅ በማያስነካበት ሰዓት። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም የሚሉ አሉ። እሷም ራሷ እንደዚያ ትል ነበር።

ከጧት ጀምሮ ጉድ ጉድ ስትል ነው የዋለችው። ሦስት ዶሮ ገነጣጥላ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ፣ በስሱ ቆራርጣ፣ በአዋዜ፣ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አሽታዋለች። ስስ የስንዴ ቂጣ ጋግራ እንዳይደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናለች። የቀራት ጥቅል ጎመንና ቃሪያ መክተፍ፣ እንግዶቹ ሲመጡ ደግሞ ዶሮውን በጋለ ዘይት ጠበስ ጠበስ አድርጋ ከነትኩሱ በቂጣው መጠቅለል ብቻ ነው። ካፌዎቹ ራፕ የሚሉት ይኸው ነው። ባሏ ላቀው ግን መጀመሪያ ያየው ቀን «ዶሮ በጋቢ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ከዚያ ወዲያ በቤታቸው ሌላ ስም አልነበረውም።

ላቀው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እሷ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። እሱ በሕይወት ሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ሰው አይጠፋም። የእሷ መምህራንና የእሱ የመንገድ ጓደኞች ሳሎኑን ይሞሉታል፤ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይሟገታሉ፣ ሚጥሚጣው አፋቸውን እያቃጠላቸው ይስቃሉ። ላቀው በአጭር ሕመም ከሞተ ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሳሎን የሳቀ ሰው የለም። ስመኝ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሯን አወለቀች፤ ሳቁ ግን ከየት እንደሚጀመር ጠፋት። ባለፈው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍልን ስለ ነፋሳት እያስተማረች ሳለ ድንገት ጠመኔውን አስቀመጠችና «ቅዳሜ ሰው እጠራለሁ» አለች። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ ሊጽፉት ምንም አልቀራቸው።

ወሬው ለላቀው ታላቅ እህት ለወይዘሮ ደብሪቱ ደረሰ። እናታቸው ሞታባቸው ላቀውን ከሕፃንነቱ ጀምረው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እስካሁንም ከጥቁር አልወጡም። ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ደወሉ።

«እውነት ነው?»

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ሰው ጠርታለች የሚሉት።»

«አዎ፣ ጠርቻለሁ። ጓደኞቼን ነው።»

«በወንድሜ ቤት? ሳቅና ጨዋታ?»

«የእኔም ቤት ነው፣ እትዬ።»

 ወይዘሮ ደብሪቱ እንዲህ አሉ፤ «አሥራ ሁለት ብልቱን አውጥተሽ፣ ወግ ያለው ወጥ ሠርተሽ፣ ለነፍሱ ብለሽ ሰው ብትጠሪ ባልከፋ። በቂጣ ጠቅልለሽ እየሳቅሽ ልትበዪ! በይ እንግዲህ እኔና አንቺ እዚህ ላይ አበቃን። ሁለተኛ ደጅሽን አልረግጥም።»

ስልኩ ተዘጋ። ስመኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።  ከዚያ የሚጥሚጣውን ዕቃ አነሣችና ዶሮው ላይ አንድ እፍኝ ሙሉ ጨመረችበት።

ቅመሙ ወደ ሥጋው እስኪዘልቅ ሁለት ሰዓት ያህል መቀመጥ ነበረበት። እሷም ሶፋው ላይ ጋደም አለች። «ለአሥር ደቂቃ ብቻ» አለች ለራሷ።

በሩ ተንኳኳ። ተነሥታ ከፈተች። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ሽብሩ ጡሩምባ በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከኋላቸው ድንኳን የተሸከሙ አራት ሰዎች አሉ።

«እግዜር ያጽናሽ» አሉ አቶ ሽብሩ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ሰውማ ቢሞት ምን ነበረበት! ሳቅ ነው እንጂ የደረሰብሽ። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«ኧረ እኔ ገና አልሳቅሁም።»

«ልትስቂ አስበሻል። እኛ ደግሞ ከነገሩ ቀድመን ነው የምንደርሰው።»

ገብተው ድንኳኑን ሳሎኑ መካከል ተከሉት። ጣሪያው ዝቅ ስላለባቸው ጣሪያውን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ከፍ አደረጉት። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት በወለሏ ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ሽሮ ጥጃለሁ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ሰው በደረጃው ይጎርፍ ጀመር። እያንዳንዱ ስመኝን እያቀፈ ያጽናናታል።

«አይዞሽ፣ ያልፋል» አለቻት አንዲት የማታውቃት ሴት ጀርባዋን እያሻሸች። «የኔም እህት አንድ ጊዜ ስቃ ነበር። ዛሬ ደህና ናት፣ ተመስገን፣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች።»

ከውጭ እልልታ ተሰማ። ስመኝ በመስኮት ተመለከተች። በአስፋልቱ ላይ ቀብር እየሄደ ነው። ባጃጆቹ ሪባን አስረው ጡሩምባቸውን ያንባርቃሉ፤ የሬሳ ሣጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ይጨፍራሉ፤ አላፊ አግዳሚው «እንኳን ደስ ያላችሁ! ለሁላችንም ያድርሰን!» ይላቸዋል። በመካከላቸው ወይዘሮ ደብሪቱ ነጭ በነጭ ለብሰው እስክስታ ይመታሉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እንባቸው አገጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ ነው። ዙሪያቸውን የከበቧቸው ሴቶች ግን እያጨበጨቡ «ለወንድምሽ ነው! እንዳታቆሚ! ሰው እያየሽ ነው!» ይሏቸዋል። ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ሳያርፉ ጨፍረዋል። ጫማቸው አልቆ በባዶ እግራቸው ቀርተዋል።

«እትዬ!» አለች ስመኝ። «ትንሽ ይቀመጡ እንጂ!»

«ማን ያስቀምጠኛል?» አሉ ሳያቆሙ። «የተቀመጥኩ ዕለት አትወደውም ነበር ይሉኛል።»

ስመኝ ልትወርድላቸው ዞረች። ደረጃው ግን በሙሉ ወደ ላይ ብቻ የሚያስወጣ ሆኖ ቆያት። ወደታች በረገጠች ቁጥር ተመልሳ ኩሽናዋ ውስጥ ትገኛለች። በሦስተኛው ሙከራ ዶሮው ትዝ አላት። ሳህኑን ብታይ ባዶ ነው። ሦስቱ ዶሮዎች ታጥበው፣ ላባቸውን አበጥረው፣ እግራቸውን አነባብረው የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቋ መነጽር አድርጋለች።

«ስመኝ የምትባዪው አንቺ ነሽ?» አለች ባለመነጽሯ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰው ስንት ብልት አለው?»

«ሰው?»

«አዎ፣ ሰው። ባለሙያ ነኝ ትያለሽ አይደል?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«ቆጥራ አታውቅም!» ዶሮዎቹ ተያዩ። ባለመነጽሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኛ ከአያት ቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ስንቆጠር ነው የኖርነው። አሥራ ሁለት። አሥራ አንድ ከሆነ ሙሽራዋ ትታማለች፤ አሥራ ሦስት ከሆነም ትታማለች። ታዲያ አንቺ ሳትቆጥሪ የከተፍሽን በማን ፈቃድ ነው?»

«በራሴ።»

«ስንት ቦታ?»

«እንጃ። በሚጥመው ልክ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ትንሿ ዶሮ በቀስታ «እውነቱን ለመናገር አለመቆጠሩ እኔን ደስ አሰኝቶኛል» አለች። ባለመነጽሯ ራሷን ኮረኮመቻት።

«ዝም በይ! ፍርድ ልሰጥ ነው።» ከዚያ ክንፏን አነሣች። «ስመኝ ትጠቅለል!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ በጨርቅ የተሸፈነው ቂጣ ማበጥ ጀመረ። ከጠረጴዛው ወረደ፣ ከኩሽናው ወጣ፣ ሳሎኑን አለበሰ፣ በደረጃው እየተንከባለለ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ቂጣው የደረሰበት ሁሉ ይጠቀለላል። አንድ ባጃጅ ከነተሳፋሪዎቹ ተጠቅልሎ ቆመ፤ ሹፌሩ በቂጣው ጫፍ ብቅ ብሎ «ወራጅ አለ?» እያለ ይጠይቃል። የእድሩ ሰዎች ስመኝን በእጅና በእግሯ ይዘው ቂጣው ላይ አጋደሟት። አቶ ሽብሩ በእፍኛቸው ጎመን በተኑባት። ጎረቤቷና የልብ ጓደኛዋ አያልነሽ ሎሚ ይዛ መጣችና እግሯ ላይ ጨመቀችባት።

«አያልነሽ! አንቺም?»

«ይቅርታ፣ ስመኝዬ። ተመድቤ ነው» አለች አያልነሽ ዓይኗን ሰብራ።

«ሚጥሚጣስ አይጨመርም?» አለ አንዱ።

«እሷ ራሷ ትበቃለች» አሉ አቶ ሽብሩ። «ጠቅልሏት!»

ዓለም አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ጸጥ አለ። የቂጣው ውስጥ ነጭና ሙቅ ነበር። ስመኝ ወደ ጎን ብትዞር ላቀው አጠገቧ ተጋድሟል። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ መክተፊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎመን ይከትፋል።

«አንተ!» አለች። «ሞተህ አልነበር እንዴ?»

«ነበር» አለ ላቀው። «ጎመኑን አወፍረሽዋል።»

አልተለወጠም። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ በቦታዋ ናት። ስመኝ ብዙ የምትጠይቀው ነገር ነበራት፤ ሆስፒታል ያደረበትን የመጨረሻ ሌሊት፣ ልትሰማው ያልቻለችውን ቃል፣ የመኪናውን ቁልፍ የት እንዳኖረው። አንዱም አፏ ላይ አልመጣም።

«ላቀው፣ ሰው ጠርቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ጡሩምባው የት አገር ያልተሰማ መሰለሽ?»

«እትዬ ደብሪቱ ተቆጥተዋል።»

«እትዬ መቼ ሳይቆጡ ውለው ያውቃሉ?»

 «ልሳቅ?» አለችው።

ላቀው ቢላዋውን አቆመ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ መንገድ ላይ ሞኝ ጥያቄ የጠየቀውን ረዳት የሚያይ መሰለ።

«እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔ ምን አገባኝ? የሞተ ሰው ፈቃድ ሲሰጥ የት አይተሻል? ፈቃድ የሚሰጥ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ ለራሴ እሰጥ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ትቀየመኛለህ ብዬ...»

«እኔ የምቀየመው ጎመን ሲወፍር ነው» አለና መክተፉን ቀጠለ።

ስመኝ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የወጣው፣ እንደ ማስነጠስ። ከዚያ ከሆዷ መጣ። ሳቁ ተጠራቅሞ የከረመ ነበርና መጥቶ አላልቅ አለ፤ ቂጣው ከነሱ ጋር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከውጭ ጡሩምባው ተነፋ።

«ሳቀች! ሳቀች!» አሉ አቶ ሽብሩ። «ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሏት!»

ቂጣው ጠበበ። በእሷና በላቀው መካከል አንድ እጥፋት ገባ፤ ከዚያ ሌላ እጥፋት። እጁን ለመያዝ እጇን ሰደደች። ጨብጣ ስትስበው የጎመን ቅጠል ነበር።

ማልቀስ ትችል ነበር። በዚያ አገር ልቅሶ የደስታ ምልክት ስለሆነ ብታለቅስ ያጨበጭቡላት ነበር፤ ከቂጣውም ፈትተው በክብር ያወጧት ነበር። ይህን ስመኝ ታውቃለች። እንባዋንም ዋጠችው። ቂጣውን በጥርሷ ነከሰችና ቀደደችው። ጎረሰች፣ ዋጠች፣ እንደገና ነከሰች። እየበላች፣ እየበላች መንገድ አወጣች፤ በመጨረሻ ጎመን በፀጉሯ፣ አዋዜ በጉንጯ ሆና ብቅ አለች። ለቀስተኞቹ ሁሉ ቆመው አዩዋት።

«ስሙኝ!» አለች። «በዚህ ቤት ስንት ቀን እንደሚለቀስ የምወስነው እኔ ነኝ! ባሌን የቀበርኩት እኔ፣ አልጋው ላይ ብቻዬን የማድረው እኔ፣ ጫማውን አውጥቼ መልሼ የማስገባው እኔ! መሳቅ ሲያሰኘኝ እስቃለሁ። ማልቀስ ሲያሰኘኝ አለቅሳለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ከመጡም አንድ ላይ አስተናግዳቸዋለሁ! ድንኳናችሁን ንቀሉ!»

«አይቻልም» አሉ አቶ ሽብሩ። «የተተከለ ድንኳን ሦስት ቀን ሳይሞላ አይነቀልም። ደንብ ነው።»

«ደንቡን በቂጣ ጠቅልላችሁ ብሉታ!»

ይህን ብላ የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት እጇ ያዘች። እየታገለች ነቀነቀችው። ባለመነጽሯ ዶሮ «ኧረ ያዟት!» እያለች በመስኮት በረረች። ትንሿ ዶሮ ግን የመስኮቱ ጫፍ ላይ ቆም ብላ «ቅመሙ ግን በደንብ ገብቶን ነበር» አለቻትና ተከተለች። ምሰሶው ወለቀ። ከፍ ብሎ የነበረው ጣሪያ ከነጎረቤቲቱ ሽሮ ወደ ታች መምጣት ጀመረ። ስመኝም እየሳቀች እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

ነቃች።

የግድግዳው ሰዓት አሥር ሰዓት ከሩብ ይላል። ደንግጣ ቀና ስትል ሳሎኗ በሰው ተሞልቷል። የጠራቻቸው ሰባት እንግዶች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። ማንም አይናገርም። የስፖርት መምህሩ ለጨዋታ ያመጣውን ካርታ እግሩ ሥር ደብቋል። አንዷ ያመጣችው ኬክ ነጠላ ለብሷል። በመካከላቸው፣ ከሁሉም ከፍ ባለው ወንበር ላይ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቁር በጥቁር ሆነው ተቀምጠዋል።

ስመኝ ሕልሙ ያላለቀ መሰላት። ክንዷን ቆነጠጠች። አመማት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እንግዶቹ እየተሳሳቁ ደረጃውን ሲወጡ ወይዘሮ ደብሪቱን በሩ ላይ ቆመው አገኟቸው። ጥቁሩን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። አያልነሽ አንኳኩታ መልስ ስታጣ በትርፍ ቁልፏ ከፈተች። ሁሉም ገቡ፤ ሁሉም ወይዘሮ ደብሪቱ እንደተቀመጡት ተቀመጡ። እንዲህ ሆነው ግማሽ ሰዓት ሞልቷቸዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ስመኝ። «ለቅሶ ነው እንዴ የጠራኋችሁ?»

 ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ዞረች። «እትዬ፣ ደጅሽን አልረግጥም ብለውኝ አልነበር?»

«ብዬሽ ነበር» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ልበትናቸው ነው የመጣሁት። አዋርጄሽ ልሄድ። በሩ ሲከፈት ግን...» ነጠላቸውን ጎተት አደረጉ። «ተኝተሽ ትስቂ ነበር።»

«እኔ?»

«ኧረ እንዴት ያለ ሳቅ መሰለሽ!» አለች አያልነሽ። «ደረጃው ድረስ ተሰማ እኮ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲቀጥን ስመኝ ሰምታ አታውቅም። «እሱን አየሽው አይደል? እኔ እስካሁን አንድ ቀን አልመጣልኝም። ምን አለሽ? ፈቀደልሽ?»

 ስመኝ «አዎ፣ ፈቅዶልኛል» ብትል ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። ሟች ፈቀደ ከተባለ ማን ይከራከራል? ሰባቱ እንግዶች አዎ በይ በሚል ዓይን ያዩዋታል። አያልነሽማ ራሷን እየነቀነቀች ታግዛታለች።

«እሱ አልፈቀደልኝም፣ እትዬ» አለች። «አልከለከለኝምም። ሰው የጠራሁት በራሴ ነው። ያለውን በሙሉ ልነግርዎ እችላለሁ፤ ግን እንዲህ ተቀምጠን አይሆንም። ተነሥተው እጅዎን ይታጠቡ። ዶሮው እስኪጠበስ፣ እየጠቀለልን እነግርዎታለሁ። ካልፈለጉም በሩ ክፍት ነው፣ አልቀየምዎትም።»

ከዚያ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ኩሽና ሄደች። ዘይቱን ጥዳ ጎመኑንና ቃሪያውን በስሱ ከተፈች። ዶሮውን በአንዴ ገለበጠችው። ሚጥሚጣው በእንፋሎት ወጥቶ ሳሎኑን ሞላው። መጀመሪያ የስፖርት መምህሩ ሳለ። ኬክ ያመጣችው አስነጠሰች። ሁሉም ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ መስኮት እየከፈቱ፣ «ኧረ ጨረሰችን!» እያሉ ተነሡ። በዚያ ግርግር መካከል ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ወይዘሮ ደብሪቱ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር።

ስመኝ ቂጣ አንሥታ መዳፋቸው ላይ ዘረጋችላቸው። ዶሮውን በማንኪያ አኖረችበት፤ ጎመንና ቃሪያ ጨመረችበት። እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየቻቸውና ስለ ላቀው መንገር ጀመረች፤ መክተፊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደነበር፣ ጠባሳው በቦታዋ እንደነበረች። ወይዘሮ ደብሪቱ አፏን አፏን እያዩ ጠቀለሉ። የታችኛውን ጫፍ ማጠፍ ረሱ። አንሥተው ሊጎርሱ ሲሉ ቂጣው ከሥር ተከፈተና ዶሮው ከነአዋዜው ደረታቸው ላይ፣ ሆዳቸው ላይ፣ እስከ ጉልበታቸው ድረስ ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ! ልብሴን!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። «አሁን ይሄን ምን ላድርገው?»

«ያውልቁት» አለች ስመኝ።

  ወይዘሮ ደብሪቱ ጥቁር ቀሚሳቸውን ቁልቁል አዩት። ቀና ብለው ስመኝን ከላይ እስከ ታች ለኳት።

«ያንቺ ልብስ ይሆነኛል?» አሉ።